ውስጥ ሆኖ መከታተል ወይስ ማስዘጋት? ከደሴ የቀረበ ጥያቄ

ጦሳ ስር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ጊዜ ያላችሁ ብቻ ግቡበት።

ደሴ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚንም ነኝ፤ የቅሬ (የዕድር) መዋጮ፣ የውሃ ፈረቃ፣ የጠፋ ቁልፍ የሚለጠፍበት ግሩፕ። በቅርቡ አንድ ሰው እዚያ ላይ ሊንክ ጣለ። ከማጥፋቴ በፊት በትርፍ ሲም ገብቼ ምን እንደሆነ አየሁት። ወጥቼ ልተወው ስል አባላቱ ውስጥ የማውቀው ልጅ አገኘሁ። ስልኩን እኔ ዘንድ የሚያሠራ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ።

የየትኛው ሃይማኖት ግሩፕ እንደሆነ አልናገርም። ከተናገርሁ ክሩ በአምስተኛው መልስ ላይ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ ለታመመ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ጥሩ ጥሩ ትምህርት ይለቃሉ። ቀጥሎ «ለመሆኑ እናንተ ስትሞቱ የሚቀብራችሁ ማነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ የጋራ ቅሬ ኃጢአት ይሆናል። ከዚያ ወደ ሠርግ ይዞራሉ። እኛ አገር ደጋሽ ለሌላው ወገን እንግዳ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ ወጥ አሠርቶ፣ ሁሉንም አንድ ዳስ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ታውቃላችሁ። ያንን ዳስ «የውርደት ዳስ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ቪዲዮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከሌላ አገር የተቀዳ፣ ሬሳ ያለበት።

ከትልቁ ግሩፕ ጀርባ «ለጠነከሩት» የሚሉት ትንሽ ግሩፕ አለ። ልጁ እዚያ ገብቷል። እኔንም ጠርተውኛል። መግቢያው ግን በነጻ አይደለም፤ ከሰፈርህ ከሌላ ሃይማኖት ጋር የተጋቡ ሰዎችን ስምና ቤታቸውን ጻፍ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ስም ልጻፍ ካልሁ ከገዛ አክስቴ ነው የምጀምረው።

ነገሩን ይመለከተዋል ላልሁት አንድ ሰው ነገርሁት። «በጣም ጥሩ፣ እዚያው ሁን፣ ግባና ላክልን» አለኝ። ደብዳቤ? የለም። ማን ጋር ነው የምደውለው? እሱው ጋር። ልጁስ? «ልጁን እንዳትነካው፣ ይነቁብናል።»

እንግዲህ ልቆይ? ላስዘጋ? ለቤተሰቡ ልንገር? ምከሩኝ።

ዝም አይነቅዝም | ማክሰኞ፣ 2፡52

ሲሙን ስበር፣ ውጣ፣ ተኛ።

ኮድ ከወልድያ | ማክሰኞ፣ 3፡15

ወንድምየ፣ ማስዘጋት በራሱ ከባድ አይደለም። ሰው ተባብሮ ሪፖርት ያደርጋል፣ ቻናሉ ይዘጋል፣ በማግስቱ ስሙ ላይ «2» ጨምረው ይከፍቱታል። ግን ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም የሆነው ዩሮፖልና ቴሌግራም ተባብረው የአይኤስን አካውንቶች ሲጠርጉ ሰዎቹ ወደ ሌሎች መተግበሪያዎች ተበትነው የቀድሞውን ያህል ተከታይ መልሶ መሰብሰብ አቅቷቸዋል። አዲስ ልጅ የሚያጠምዱት በአደባባዩ ቻናል ነውና እሱ ሲጠፋ አዲስ የሚገባው ይቀንሳል። ቀድሞ የገባው ግን ከዓይን ይሰወራል፤ ያንተን ልጅ ጨምሮ።

ይህንን ያንተን ጥያቄ አሜሪካኖቹም እርስ በርሳቸው ተጣልተውበታል። ሲአይኤ ከሳዑዲዎች ጋር ሆኖ የጂሃዲስቶች መወያያ የሚመስል ድረ ገጽ ያንቀሳቅስ ነበር። ማን ገባ፣ ከማን ጋር አወራ የሚለውን ያዩበታል፤ ሳዑዲዎቹ በአገራቸው ጥቃት ሊያደርሱ የነበሩ ሰዎችን ይዘውበታል። ኢራቅ የነበረው የአሜሪካ ጦር ደግሞ «በዚሁ ገጽ ወታደሮቻችንን የሚያስገድል መረጃ እየተላለፈ ነው» ብሎ ተነሣ። ሲአይኤ ይቆይ አለ፣ ጦሩ ይጥፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጦሩ አፈረሰው። ሲያፈርሰው ደግሞ ሳዑዲ፣ ጀርመንና ቴክሳስ ያሉ ከ300 በላይ ሰርቨሮች አብረው ተናጉ። ዋሽንግተን ፖስት ታሪኩን ያወጣው በ2010 ነው።

ሁለቱም ወገን የተከራከረው ነፍስ ለማዳን ነበር። እነሱ ግን ቢያንስ ቁጭ ብለው የሚከራከሩበት ጠረጴዛ ነበራቸው፤ አንተ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነው ያለህ።

የቦርከና ጠበቃ | ማክሰኞ፣ 3፡48

ኮምቦልቻ ጥብቅና እሠራለሁ። ኮድ የጨረሰበት ላይ ልቀጥል።

«ግባና ላክልን» ያለህ ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ ከለላ ግን አልሰጠህም። የጥላቻ ንግግር አዋጁ (ቁጥር 1185/2012) የጥላቻ ንግግር ያሰራጨን ሰው እስከ 2 ዓመት ያሳስራል፤ በንግግሩ የተነሣ በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ውስጥ ለመቆየት ብለህ የምትጽፋት እያንዳንዷ ቃል ያንተ ናት። «ትርፍ ሲም» ያልከውም ያው በመታወቂያህ የወጣ ነው።

ሰኔ 2017 ምክር ቤቱ ያጸደቀውን አዋጅ ታስታውሱ ይሆናል፤ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ስለመከላከል የወጣውን። በሽፋን የሚሠራ መርማሪ ከግድያ በስተቀር በሥራው ላይ ሳለ ለፈጸመው ወንጀል እንደማይጠየቅ የሚለው አንቀጹ ብዙ አነጋግሯል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጡ የተከለከሉ ወንጀሎችን ዝርዝር አላስቀመጡም፤ የኛው ቢያንስ ግድያን ለይቷል። ለማንኛውም ያ አንቀጽ የሚያወራው ስለተመደበ መርማሪ ነው። አንተ ስልክ ጠጋኝ ነህ።

ሁለተኛ ነገር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሌላውን ወደ ወንጀል ማነሳሳት ራሱን የቻለ ተጠያቂነት አለው። አሜሪካ ኒውበርግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ደሃ ሰዎች ምኩራብ ሊያፈነዱ ሲሉ ተያዙ ተባለ። ቦምቡ የውሸት፣ ያቀረበው ኤፍቢአይ፣ 250 ሺህ ዶላር እሰጣችኋለሁ ብሎ ያግባባቸው የኤፍቢአይ ሰው። 25፣ 25 ዓመት ተፈረደባቸው። የፈረደችው ዳኛ ራሷ ከዓመታት በኋላ በ2023 ሦስቱ እንዲለቀቁ አዘዘች፣ መንግሥትንም ክፉኛ ወቀሰች። መያዝ ያለበትን ሰው መያዝና የሚያዝ ሰው መሥራት ድንበራቸው እዚህ ድረስ ቀጭን ነው።

ስም ጻፍ ያሉህን ማንም ደብዳቤ ቢጽፍልህ እንኳ አትጻፈው። ይህን እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው የምነግርህ።

ጦሳ ስር | ማክሰኞ፣ 4፡10

ስሙንስ አልጽፍም፣ እሱ አልቋል። የቸገረኝ እኔ ባልጽፍ ልጁ ጽፎ መግባቱ ነው። ማንን ጽፎ እንደገባ አላውቅም።

የሐይቅ መምህርት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ ማታ አንብቤው እንቅልፍ ነሥቶኝ ነው ያደረ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ታሪክና ሥነ ዜጋ ነበር የማስተምረው።

በደርግ ጊዜ ጆሮ ጠቢ የሚባል ነበር። በ1969ና በ70 የኛ ሰፈር ጆሮ ጠቢ ከየቤታችን ቡና የሚጠጣ፣ ልጆቻችንን በየስማቸው የሚጠራ ሰው ነበር። የማን ቤት ማታ ኩራዝ እንደሚቆይ፣ ማን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደሚይዝ ያቀብላል። ያኔም የሚባለው ለአገር ደኅንነት ነው። በእሱ ቃል ከተወሰዱት ልጆች የተመለሱ አሉ፣ ያልተመለሱ አሉ። ቤተሰቡ ዛሬም እዚያው ነው፤ ልጁ ድግስ ሲደግስ «ሆዴን አመመኝ» ብለው የሚቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ታዲያ ሁሉንም ከአንድ አልቆጥረውም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አውጫጪኝ ይወጣ ነበር፤ አገር ሙሉ ይሰበሰባል፣ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አስጨናቂ ነበር፣ ንጹሕ ሰውም ያንገላታል። ግን መሐላ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ነገሩ ያልቅና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጆሮ ጠቢው ግን ማብቂያ አልነበረውም። የሚያስፈራኝ ጦሳ ስርን «እዚያው ሁን» ያሉት ነገር ነው። እስከ መቼ?

ልጁን «አትንካው» ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? እናት የለውም?

አቡ ዘይነብ | ረቡዕ፣ 2፡05

አሰላሙ ዓለይኩም። ወንድማችን ሃይማኖቱን አልናገርም ቢልም፣ ሳነበው «የእኛው ነው» ብዬ ነው የደነገጥሁት። መድረሳ ስለማስተምር ያንን የ«ማን ይቀብርሃል» ጥያቄ ሰምቼዋለሁ።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አንዱ የሌላውን ነውር እንዳይሰልል ይከለክላል። ሐሜትን የሚከለክለውም እዚያው ላይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሑዘይፋን በብርድ ሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ልከውታል። የታዘዘው ወሬ አምጣ፣ እንዳትተነኩሳቸው ተብሎ ነው። የጠላቱን መሪ አቡ ሱፍያንን በቀስት ሊያገኘው በሚችልበት ርቀት እሳት ሲሞቅ አየው፣ ሑዘይፋ ቀስቱን ደገነ፣ ትእዛዙን አስታውሶ ተወው። ወሬውን ይዞ በዚያው ሌሊት ተመለሰ።

እንግዲህ ላኪው የታወቀ ነው፣ ወሰኑ የታወቀ ነው፣ መመለሻው የታወቀ ነው። ለጦሳ ስር ከሦስቱ የትኛው ተሰጥቶታል?

የላስታ መሪጌታ | ረቡዕ፣ 2፡30

ኡስታዝ ይቅር ይበሉኝና እኔ ደግሞ «የእኛ ነው» ብዬ ነበር ያፈርሁት። ከኛም ወገን «የውርደት ዳስ» የሚል ቃል ሰምቻለሁ።

ኢያሱ ሁለት ሰላዮች ወደ ኢያሪኮ ሲልክ ረዓብ ጣሪያ ላይ ሸሸገቻቸው። እሷም ዝም ብላ አልሸሸገችም፤ ለአባቷ ቤት ማሉልኝ አለች፣ ማሉላት፣ ከተማዪቱ ስትወድቅ መሐላው ተጠበቀላት። የሚረዳን ሰው የሚጠብቀው ማነው? የጦሳ ስርን ስም ነገ አንድ ሰው ቢያወጣው ከፒያሳ ማን ያሻግረዋል?

ዝም አይነቅዝም | ረቡዕ፣ 2፡34

ሁለታችሁም «የእኛ ነው» ካላችሁ በቃ እውነትም የወሎ ግሩፕ ነው። ሃሃሃ።

የወረኢሉ ልጅ | ረቡዕ፣ 6፡15

ከፍራንክፈርት ነኝ። እዚህ አገር ይህ ነገር መንግሥትን ራሱን አንገት አስደፍቷል።

ኤንፒዲ ይባል የነበረ የቀኝ አክራሪ ፓርቲ አለ። መንግሥት ይታገድልኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አመለከተ። በ2003 ጉዳዩ ተቋረጠ። ለምን ቢሉ ከፓርቲው አመራር ከሰባት አንዱ ገደማ ከደኅንነት መሥሪያ ቤቶቹ ገንዘብ የሚቀበል መረጃ ሰጪ ሆኖ ተገኘ። በማስረጃነት የቀረበው ንግግር የፓርቲው ይሁን የመንግሥት ሰዎች መለየት አልተቻለም። ብዙ ሰው ባሰረጉ ቁጥር ክሱ ተዳከመባቸው።

ከዚያ የባሰም አለ። ኤንኤስዩ የሚባል የናዚ ቡድን ከ2000 እስከ 2007 አሥር ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ቱርክ አመጣሽ ባለ ሱቆች ናቸው። በቡድኑ ዙሪያ የደኅንነቱ መረጃ ሰጪዎች ነበሩ። ሆኖም ነገሩ የወጣው በ2011 ነው፣ ያኔም አንድ የደኅንነቱ ሠራተኛ የመረጃ ሰጪዎችን ፋይል መቀዳደጃ ማሽን ውስጥ ከተተው። የሟች ቤተሰቦች እስከ ዛሬ የሚጠይቁት «ማን ምን ያውቅ ነበር?» ብለው ነው።

በ2022 ደግሞ የዚህ አገር ጋዜጣ እንዳወጣው፣ ደኅንነቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ መቶ የውሸት አክራሪ አካውንቶች አሉት። ከመብዛታቸው የተነሣ እርስ በርስ እንዳይሰላለሉ በመላ አገሪቱ መነጋገር አስፈልጓል። እነዚያ አካውንቶች ለመታመን ሲሉ ይሳደባሉ፣ ያነሳሳሉ። ስድባቸውን የሚያነበው ልጅ ግን የውሸት መሆኑን አያውቅም።

ጦሳ ስር | ረቡዕ፣ 7፡00

ወረኢሉ፣ ይህን ስትል ሰውነቴን ወረረኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

በትልቁ ግሩፕ ከሁሉም ይበልጥ የሚያራግብ አንድ አካውንት አለ። የደሴ ልጅ ነኝ ይላል፣ ፎቶው ላይ ጦሳ ተራራ አለ። ባለፈው ምን ጻፈ መሰላችሁ? «ከደሴ ወደ ሐይቅ ስወርድ ኮምቦልቻ ላይ ምሳ በልቼ…»። ሐይቅ በስተሰሜን ነው፣ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ በደቡብ ምሥራቅ በኩል። ማንም የደሴ ልጅ፣ የሰከረ እንኳ፣ እንዲህ አይሳሳትም። አንድም ሰው አላረመውም። ይህ ማለት እዚያ ግሩፕ ውስጥ ደሴን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? እኔና ልጁ ብቻ ብንሆንስ?

ሰውየው ከሩቅ ሆኖ እኛን የሚያባላ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ «እዚያው ሁን» የተባለ ሰውም ሊሆን ይችላል። እሱ እኔን ለማሳመን ይሳደባል፣ እኔ እሱን ለማሳመን «ልክ ነህ» እላለሁ፣ መሐል ላይ የ12ኛ ክፍል ልጅ አለ።

ኮድ ከወልድያ | ረቡዕ፣ 7፡40

ልክ እንዲህ ያለ ነገር ተከስቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2015 ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ላይ ሁለት ሰዎች የነቢዩ ሥዕል ውድድር የሚካሄድበት ቦታ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ጥበቃው ቆሰለ፣ ሁለቱ ተገደሉ። በኋላ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ እንደታየው፣ ከአንደኛው ጋር ቀደም ብሎ በጽሑፍ ሲያወራ «ቴክሳስን ገነጣጥላት» ብሎ የጻፈለት ሰው ራሱን ደብቆ የሚሠራ የኤፍቢአይ ሰው ነበር። የጥቃቱ ዕለትም ከኋላቸው መኪና ውስጥ ነበር፤ ተኩሱ ሊጀመር ሰኮንዶች ሲቀሩ ፎቶ አንስቷል። የቆሰለው ጥበቃ መንግሥትን ከሰሰ።

ዝም ብሎ የሚያይ ሰላይ ኦንላይን ላይ የለም። በአካል ከሆነ ጥግ ላይ ቆመህ መስማት ትችላለህ። ግሩፕ ላይ ግን ያልጻፈ ሰው ይባረራል፣ «ለጠነከሩት» ጋ ደግሞ ዝም ያለ ሁሉ ይጠረጠራል። ለመኖር መጻፍ አለብህ፣ ከጻፍህ ደግሞ ታዳምቀዋለህ።

ከሪያድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ስልክ ያገኘሁት። የመርሳ ልጅ ነኝ።

ሁላችሁም ስለ ሰላዩ ታወራላችሁ። እኔ ሚያዝያ 2007ን አስታውሳለሁ፤ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ልጆቻችንን ባሕር ዳርቻ ላይ ሲያርዳቸው፣ በረሃ ላይ ሲረሽናቸው የቀረጸውን ቪዲዮ። ያን ቪዲዮ ሰው እየተቀባበለ ስልክ ላይ ሲያየው፣ ወንድሙ ሊቢያ የነበረ ጎረቤታችን ፊት እያቆመ እያጎላ ፊት ይፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ስም ቢያወጣ ኖሮ፣ ዋሸ አልዋሸ ብዬ አልጠይቀውም ነበር።

ስለዚህ «ውጣና ተኛ» የምትለው ወንድሜ፣ ቀላል አድርገህ ነው ያየኸው። አንድ ሰው እዚያ መኖር አለበት። እሱ ጦሳ ስር መሆን አለበት ወይ ነው ጥያቄው።

ዝም አይነቅዝም | ረቡዕ፣ 4፡41

እህትየ፣ ተቀብያለሁ።

የቦርከና ጠበቃ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ከሪያድ የጻፈችው ትክክለኛውን ቦታ ነካችው። ሥራው ያስፈልጋል። ግን ማን ይሥራው፣ በማን ፊርማ፣ እስከ መቼ፣ ሲበቃስ «በቃ» የሚለው ማነው?

እንግሊዞቹን ላንሣና አበቃለሁ። ፖሊሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2008 ድረስ በተቃዋሚ ቡድኖች ውስጥ ሰርጎ የሚኖር ክፍል ነበረው። ሰዎቹ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆችን ስም ወስደው ለዓመታት ኖሩበት፤ አንዳንዶቹ ማንነታቸውን ደብቀው ከሴቶች ጋር ፍቅር ይዘዋል፣ ልጅ የወለደም አለ። ፖሊሱ በ2015 ሰባት ሴቶችን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሕዝብ አጣሪ ጉባኤም ተቋቋመለት። ልብ በሉ፣ እነዚህ የሠለጠኑ፣ ደመወዝ ያላቸው፣ አለቃ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አለቆቻቸው ግን «ምን እየሠራህ ነው?» ብለው አጥብቀው አልጠየቁም።

የጦሳ ስርን ጉዳይ በተግባር ልየው። ያየኸውን በጽሑፍ ታቀርባለህ። ስክሪንሾቶቹን ከነቀናቸው ታያይዛለህ። ሁለት ቅጂ ይሆናል፤ አንዱን ይቀበሉሃል፣ ሌላው ላይ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም ታስመታለህ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 699/2003) አለና ጥበቃ እንደምትፈልግ በዚያው ጽሑፍ ታሰፍራለህ። ከዚያ በኋላ መቆየት ካስፈለገ የሚቆየው የነሱ ሰው ይሁን።

የሐይቅ መምህርት | ሐሙስ፣ 3፡25

ጠበቃው ልጄ፣ ጥሩ ብለሃል። ልጁ ግን አሁንም ከወረቀቱ ውስጥ የለም።

የወረኢሉ ልጅ | ሐሙስ፣ 5፡50

እትየ፣ ያነሡት ዴንማርክ ውስጥ ተሞክሯል። ኦርሁስ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ፖሊሱ ከትምህርት ቤትና ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር ሆኖ፣ ወደ አክራሪነት ያዘነበለ ልጅ ሲያገኙ ይጠሩታል፣ ያናግሩታል፣ ከጎኑ የሚቆም መካሪ ይሰጡታል። ወንጀል የሠራውን አያልፉትም፤ ያልሠራውን ግን ከመሥራቱ በፊት ይይዙታል። እስከ 2013 ድረስ ከዚያች ከተማ ወደ ሶሪያ የሄዱት 30 ገደማ ነበሩ፤ በ2014 የሄደው አንድ ነው ተብሏል። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን ልጁን «ይነቁብናል» ብለው አልተዉትም።

ኮድ ከወልድያ | ሐሙስ፣ 6፡10

ይቅርታ እትየ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እናቱ ዛሬ ብታውቅ ማታ ስልኩን ነጥቃ ታለቅሳለች፣ ልጁ ሌሊቱን ከጓደኛው ስልክ ገብቶ «ቤተሰቤ አወቀ» ብሎ ይጽፋል። ሰዎቹ ያጠፋሉ፣ ይጠፋሉ። የተጻፉት ስሞች እነሱው ጋ ይቀራሉ። ያ አክስትህንም ይጨምር ይሆናል፣ ጦሳ ስር።

የሐይቅ መምህርት | ሐሙስ፣ 6፡32

ይጨምር ይሆናል። ለዚህም ነው ስማቸው የተጻፈ ሰዎች ሳያውቁ መቆየት የሌለባቸው። እናንተ ሁላችሁ ስለምትደብቁት ነገር ታወራላችሁ፤ አንድ ሰው ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ማወቅ መብቱ አይደለም?

በእናት በኩል አትግቡ ካላችሁ አጎት አለ፣ የክርስትና አባት ወይም ሸህ አለ፣ የሚያከብረው መምህር አለ። ቁጣ ሳይሆን ወሬ ያለው ሰው ይላክበት።

አቡ ዘይነብ | ሐሙስ፣ 7፡15

እትየ ትክክል ናቸው። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ መጥቶ ያውቃል። ክርክር አልገጠምሁትም፤ ክርክርማ ከእኔ ይልቅ ስልኩ ላይ ያሉት ይችሉበታል። ለቀብር ይዤው ሄድሁ፤ አካፋ ሰጠሁት። ከጎኑ የሚቆፍረው ማን እንደሆነ አየ። ሌላ ጊዜም ለቀብር ስንወጣ አስጠራዋለሁ።

ዝም አይነቅዝም | ሐሙስ፣ 7፡20

ጦሳ ስር፣ አንተ ራስህስ እንዴት ነህ? ያን ቪዲዮ ሁሉ ያየኸው አንተ ነህ እኮ። ናይሮቢ ውስጥ ለፌስቡክ የአማርኛም የሌላም ቋንቋ ልጥፍ ሲያጣሩ የነበሩ ልጆች ከ2023 ጀምሮ ፍርድ ቤት የቆሙት በዚህ የተነሣ ጭምር ነው፤ ቀን ሙሉ ሬሳ ሲያዩ ውለው እንቅልፍ አጥተው። መጀመሪያ «ተኛ» ያልሁህ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ጦሳ ስር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05

እንቅልፉ ይመጣል ይሄዳል። ቤት ውስጥ ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ ልጄ አንስታ እንዳታየው። ባለቤቴ ሌላ ሴት አለችው ብላ እንደምታስብ ገብቶኛል፣ እሷንም ልነግራት አልቻልሁም።

ከሪያድ | ሐሙስ፣ 1፡30

ለእሷማ ንገራት! ደኅንነቱ ምንም ይበል፣ ሚስትህ የማታውቀው ሥራ ሥራ አይደለም። ሰዎቹ በር ላይ ቢመጡ የምትከፍተው እሷ ናት።

የላስታ መሪጌታ | ሐሙስ፣ 1፡44

እውነት ነው። ንገራት።

አወያይ | ሐሙስ፣ 2፡00

ማሳሰቢያ፦ የግሩፑን ስም ወይም ሊንክ የጠየቃችሁ ሦስት መልሶች ተነሥተዋል። እዚህ አይለጠፍም። «የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ በኢንቦክስ ንገረኝ» የምትሉም ተውት።

ጦሳ ስር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስሁበትን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ታውቃለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሲሙን ተቀብላ አስቀመጠችው። አክስቴም ታውቃለች፤ «ስሜን በትክክል ይጻፉት እንጂ» አለችኝ። እሷ እንደዚህ ናት።

ጽሑፉን በጠበቃው ምክር መሠረት አስገብቻለሁ። መጀመሪያ አንቀበልም አሉ፤ «በቃል ነግረኸን የለ?» አሉ። ቆምሁ። በስተኋላ ሌላ ሰው መጣና ተቀበለ፣ ቅጂዬ ላይ ማኅተም አለ። «እዚያው ሁን» ላለኝ ሰውም ከዛሬ ጀምሮ እኔ እንደሌለሁበት፣ ሰው ማስገባት ከፈለጉ የራሳቸውን እንዲያስገቡ በዚያው ጽሑፍ ላይ አስፍሬያለሁ። አልወደደውም።

ከትንሹ ግሩፕ በር ተመልሻለሁ፣ ከትልቁም ወጥቻለሁ። ያ ኮምቦልቻ ላይ ምሳ የሚበላው አካውንት ወዲያው በግል «ወንድሜ ምን ነካህ?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስሁለትም።

ልጁን በአጎቱ በኩል ይዘነዋል። አጎቱ ሐይቅ መንገድ ላይ ጋራዥ አለው፣ ከትምህርት በኋላ እዚያ እየመጣ እንዲያግዝ ጠርቶታል። ስለ ግሩፑ እስካሁን አንድ ቃል አላነሣበትም።

ኮድ ከወልድያ | ቅዳሜ፣ 8፡45

ጥሩ አድርገሃል አልልም፣ መጥፎም አልልም። አንተ ስትወጣ ደሴን የሚያውቅ ዓይን ወጣ። የነሱ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሐይቅና ኮምቦልቻ በየት በኩል እንደሆኑ የማያውቅ ቢሆንስ? በእኛው አቆጣጠር በ2015 መጨረሻ ኢንተርኔቱ ሲዘጋብን ያጋጠመን እኮ ይኸው ነበር፤ የምናየውን ሁሉ አንድ ላይ አጣን፣ ወሬው ግን በአፍ ቀጠለ።

የቦርከና ጠበቃ | ቅዳሜ፣ 9፡10

ኮድ፣ የሚያውቅ ዓይን የሚፈልጉ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ ወሰን ያስቀምጡለት፣ ቤተሰቡን የሚጠብቅ ሰው ይመድቡ። ያኔ ልቆይ አልቆይ ብሎ ራሱ ይወስናል። እስከዚያ ድረስ የሱ ድርሻ ያ ማኅተም ላይ አልቋል።

ጦሳ ስር፣ ማኅተሙ ያለበትን ቅጂ ሱቅ ውስጥ እንዳታስቀምጠው። ፎቶ አንሥተህ አንዱን ለኔ ላክልኝ፣ ወረቀቱ ቤት ይሁን። ስለ ጥበቃው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡህ ማስታወሻ ደብዳቤ እንጽፋለን።

የሐይቅ መምህርት | ቅዳሜ፣ 9፡30

የልጁ አጎት ልጁ ስም ጽፎ እንደገባ ያውቃል?

ጦሳ ስር | ቅዳሜ፣ 9፡41

አዎ፣ ነግሬዋለሁ። የማንን እንደጻፈ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ እኔ ከጠየቅሁት አይነግረኝም። ከነገረው፣ እነዚያን ቤቶች አቡ ዘይነብና መሪጌታ ሁለቱ አብረው ሊያንኳኩ ተስማምተዋል።